ፍስሐ ገነትና የወሰን አገር አስተዳደር
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ «የአንድ ገጠር ወረዳ መልክዐ ምድር፣ ታሪክና አስተዳደር» የሚል ነው። እንዲህ ያለ ርእስ ሲነበብ ብዙ ሰው ገና ከመጀመሪያው ማዛጋት ይቃጣዋል። ወንዞቹን ቆጥሮ፣ ሹሞቹን በተራ ዘርዝሮ፣ የሕዝቡን ብዛት ተናግሮ መቀመጥ የተለመደ ነውና። እኛ ግን የመረጥነው አገር የወሰን አገር ነው። በወሰን አገር ደግሞ መልክዐ ምድርና ታሪክ፣ ታሪክና አስተዳደር ተለያይተው ሊቆሙ አይችሉም፤ አንዱ በተሳሳተ ጊዜ ዕዳውን የሚከፍለው ሌላው ነው። ይህንንም ለማስረዳት ከዲላ በስተ ደቡብ ወዳለችው ወደ ፍስሐ ገነት እንወስዳችኋለን።

ፍስሐ ገነት ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከዲላ ተነሥቶ ወናጎንና ይርጋ ጨፌን ያለፈ መንገደኛ ይደርስባታል። ለብዙ ዘመን ከኮቸሬ ወረዳ ከተሞች ጋር ስትቆጠር ኖራለች። ከእርስዋ በኋላ መንገዱ ብዙ ሳይሄድ ከጌዴኦ ዞን ይወጣና ወደ ምዕራብ ጉጂ ምድር ይገባል፤ ወደ ፊት የሚገኘው ትልቅ ከተማም ቡሌ ሆራ፣ የቀድሞው ሐገረ ማርያም ነው። እንግዲህ መንገደኛው ከአንድ ክልል ወደ ሌላ ክልል ተሻገረ ማለት ነው። አፈሩና ዝናቡ ግን አብረውት ይሻገራሉ፤ የቡናው ተክልም ክልል መለወጡን አያውቅም።

በመጀመሪያ የምድሩን ነገር እንመልከት። የጌዴኦ ዞን በካርታ ላይ ሲታይ በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ትከሻ ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ጠባብ መቀነት ይመስላል። በሰሜን ሲዳማ ያዋስነዋል፤ በምሥራቅ፣ በምዕራብና በደቡብ ኦሮሚያ ይከበዋል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በዚህ መቀነት ላይ 847,434 ሰዎች ተቆጥረዋል። የመሬቱ ስፋት ከ1,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙ የማይበልጥ በመሆኑ በእያንዳንዱ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 700 ያህል ሰው ይኖር ነበር ማለት ነው። ከዚህም ውስጥ በከተማ ይኖር የነበረው ከመቶ 13 ገደማ ብቻ ነበር። ከቆጠራው ወዲህ ደግሞ ሕዝቡ ጨምሯል እንጂ አልቀነሰም።

ይህን ያህል ገጠሬ በገደላማ ምድር ላይ እንዴት ይኖራል? ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ በእንሰት፣ በቡናና በዛፍ ነው። የጌዴኦ ገበሬ እርሻው ደን፣ ደኑም እርሻ ነው። ከላይ ዋንዛ፣ ብርብራና ቆርች የመሳሰሉት ረጃጅም ዛፎች ጥላ ይሰጣሉ፤ ቅጠላቸውም ረግፎ መሬቱን ያዳብራል። ከእነርሱ በታች እንሰት ይቆማል፤ በእንሰቱ ጥላ ቡናው፣ ከቡናው ሥር ደግሞ ጓሮ አትክልቱ ይበቅላል። ገደሉ በሞፈር ስለማይታረስ አፈሩ ታጥቦ አይሄድም። እንሰት አንድ ዓመት ተዘርቶ በዓመቱ የሚታጨድ እህል አይደለም፤ ለቆጮ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይቆያል። ስለዚህ እንሰት የተከለ ሰው በዚያ ስፍራ ለብዙ ዓመት እኖራለሁ ብሎ አምኖ የተከለ ነው። ይህችን ነገር አስተውሉልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ምድሩ ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነሥቶ እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። በቡሌ በኩል ያለው ደጋ ገብስና እንሰት ያበቅላል፤ መካከለኛው ወይና ደጋ የቡና አገር ነው፤ ወደ አባያ ሐይቅ የሚወርደው ቆላ ደግሞ ለከብት የተመቸ ነው። ቆላው አብዛኛው በጉጂ ምድር ውስጥ ይገኛል። የጌዴኦ ሕዝብ ተክል ተካይ፣ የጉጂ ሕዝብ በቀድሞ ዘመን ይልቁንም ከብት አርቢ እንደ መሆናቸው፣ አንዱ ያለ ሌላው ኑሮው ይጎድል ነበር። ቅቤና ከብት ወደ ላይ፣ ቆጮና ቡና ወደ ታች ሲወጡና ሲወርዱ ገበያው ሁለቱን ሕዝቦች አስተሳስሮ ኖሯል። ብዙ የጌዴኦ ሰው ኦሮምኛ የሚናገረውም ከዚህ ጉርብትና የተነሣ ነው።

ሁለተኛው የታሪክ ነገር ነው። የዚህ አገር ሕዝብ ትናንት የሰፈረ አይደለም። በተራሮቹ ጀርባ ላይ በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ የድንጋይ ሐውልቶች ቆመዋል፤ ከእነርሱም ውስጥ ቱቱቲና ጡጡ ፈላ በስም የታወቁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የምርምር ውጤት፣ ሳቃሮ ሶዶ በተባለው ስፍራ ያሉት ሐውልቶች ወደ 2,000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ እንዳላቸው አሳይቷል፤ ይህም አስቀድሞ ከተገመተው በ1,000 ዓመት ይበልጣል። ይህ ሁሉ፣ ሐውልቱም፣ የተጠበቀው ደንም፣ የእንሰትና የቡና እርሻውም፣ «የጌዴኦ መልክዐ ምድር» ተብሎ መስከረም 6 ቀን 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሠፍሯል። ልብ በሉ፤ የተመዘገበው ድንጋዩ ብቻ አይደለም፤ ሕዝቡ ከምድሩ ጋር የሚኖርበት ሥርዐት ጭምር ነው።

ሥርዐት ካልን ዘንድ፣ ጌዴኦ የራሱ አስተዳደር ነበረው። ከባሌ አገር ስም ጋር አይምታታና፣ «ባሌ» የሚባለው የዕድሜ እርከን ሥርዐት አባ ገዳውን ያሾማል፤ በየመንደሩም «ሶንጎ» በሚባለው የሽማግሌዎች ሸንጎ ጠብ ይበርዳል፤ ዳኝነት ይሰጣል። ሕዝቡ በሰባት ነገድ ይቆጠራል። አባቶች እንደሚተርኩት ደግሞ የጌዴኦ አባት ደራሶና የጉጂ አባት ጉጆ ወንድማማች ነበሩ። ትረካውን የታሪክ ተመራማሪ እንደ ሰነድ ላይቀበለው ይችላል። ነገር ግን ሁለት ሕዝቦች ራሳቸውን የአንድ አባት ልጆች አድርገው መተረካቸው ራሱ ትልቅ ታሪክ ነው፤ ጠላቱን ወንድሜ ብሎ የሚተርክ የለምና።

በ1880ዎቹ መጨረሻ አገሩ በዐፄ ምኒልክ ጦር ተይዞ ከማዕከላዊው መንግሥት ሥር ገባ። እስከ 1920 ዓ.ም. ድረስ በሁለት የተለያዩ ጊዜያት ሲዳሞን ከገዙት ሹማምንት መካከል ስማቸው የገነነው ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ናቸው። ገበሬው ለወታደሩና ለመልከኛው ገባር ሆኖ ተደለደለ፤ ቀጥሎም መሬቱ በቀላድ ተለካ። ቡና ዋጋ እያወጣ በሄደ ቁጥር የመሬቱም ዋጋ ከፍ አለ፤ ቡናውን የተከለው ሰው ግን ጭሰኛ ሆኖ ቀረ። በ1952 ዓ.ም. ሚጪሌ በተባለው ስፍራ የጌዴኦ ገበሬዎች በባለመሬቶቹ ላይ የተነሡት በዚህ የቡና ድርሻ ምክንያት ነበር። በእጃቸው የነበረው መሣሪያ ከባለመሬቶቹና ከመንግሥቱ ጠመንጃ ጋር የሚመጣጠን አልነበረምና ብዙ ሰው አለቀ። ጥያቄያቸው ሕጋዊ መልስ ያገኘው ከ15 ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ በታወጀ ጊዜ ነው።

ሦስተኛው የአስተዳደር ነገር ነው፤ የንግግራችንም እምብርት እዚህ ላይ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አገሩ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ የደራሳ አውራጃ ይባል ነበር፤ ዋና ከተማውም ዲላ ነበረች። «ደራሳ» ሕዝቡ ራሱን የሚጠራበት ስም ስላልነበረ፣ ኋላ በደርግ ዘመን «ጌዴኦ» በሚለው ተለወጠ። የጉጂም ሕዝብ በዚያው በሲዳሞ ውስጥ ነበር። ስለዚህ በሁለቱ መካከል የነበረው መስመር የአውራጃ መስመር ነው፤ ከመስመሩ በዚህ ወይም በዚያ ያለው ሰው አቤቱታውን የሚያቀርበው መጨረሻ ላይ ለአንድ ጠቅላይ ገዥ ነበር። የጌዴኦ ገበሬም መሬት ሲጠበው ወደ ጉጂ ምድር ተሻግሮ ከባለመሬቱ ጎሣ ጋር እየተዛመደ ቡናና እንሰት ተከለ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ግን አገሪቱ በክልል ስትዋቀር ያ የአውራጃ መስመር የክልል ወሰን ሆነ። መስመሩ በካርታ ላይ ብዙ አልተንቀሳቀሰም ይሆናል፤ ክብደቱ ግን ተለወጠ። የትምህርት ቋንቋ፣ የሥራ ቋንቋ፣ የምክር ቤት ወንበር፣ የመሬት ይዞታ፣ የፖሊስና የዳኛ ሥልጣን ሁሉ በዚያ መስመር ላይ ተሰቀለ። ትናንት ጎረቤት የነበረው ሰው ዛሬ «የዚህ ክልል» ወይም «የዚያ ክልል» ሰው ተባለ። በ1987 ዓ.ም. የወሰኑ ጥያቄ በሕዝብ ድምፅ ይፈታ ተብሎ በሐገረ ማርያም አካባቢ ሲሞከር ግጭት ተነሣ፤ በ1990 ዓ.ም. ከዚያ የከፋ ግጭት ደረሰ። ከ20 ዓመት በኋላም፣ በ2010 ዓ.ም. ከሚያዝያ እስከ ሰኔ፣ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከሁለቱ ወገን ከቤቱ ተፈናቀለ። የሚበልጠው ክፍል በጌዴኦ ዞን ተጠልሎ ነበር፤ በምዕራብ ጉጂም የተጠለለው በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ነው። ገደብና ኮቸሬ በተፈናቃይ ከተጨናነቁት ወረዳዎች መካከል ነበሩ።

አሁን ቅድም አስተውሉልን ወዳልነው ነገር እንመለስ። ቡና በሰኔ ገና አረንጓዴ ነው፤ መቅላት የሚጀምረው በጥቅምት ነው። በሰኔ የተሰደደ ሰው ታዲያ የዓመት ገቢውን በዛፉ ላይ ጥሎ ሄደ። ባለቤቱ በመጠለያ ሳለ ያን ቡና ማን ለቀመው? ብዙ ዓመት የጠበቀውን እንሰት ማን ፋቀው? ቤት ሲቃጠል ጭሱ ከሩቅ ይታያል፤ እንሰት ሲቆረጥ ግን የሚታይ ነገር የለም፤ የጠፋው የብዙ ዓመት ቀለብ ነው። ሰላም ወርዷል ተብሎ ሰው ወደ ቀዬው ሲመለስ ጠቡ ዳግመኛ ሊነሣ የሚችለው ከዚህ ጥያቄ ነው። ስለዚህ እኛ የወሰን አስተዳደር የምንለው መስመር ማስመር ብቻ አይደለም፤ ተሻግሮ የሚኖረው ሰው ተክሉን ሳይፈራ እንዲተክል ማድረግ ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ወሰኑ አንድ ጊዜ በትክክል ቢሰመር ነገሩ ያልቃል» ይላሉ። እኛ ግን በዚያ አገር ማንንም ከሌላው ሳይቀላቅል የሚለይ መስመር የሚገኝ አይመስለንም። መስመሩ ወደ ምሥራቅም ሆነ ወደ ምዕራብ ቢገፋ፣ በማዶው የሚቀረው ሰው ስሙ ይለወጣል እንጂ መኖሩ አይቀርም። ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው «መስመሩ ይጥፋ፤ ሁሉም እንደ ድሮው ይሁን» ይላሉ። ይህም አያስኬድም። የራስን ስም መልሶ ማግኘት፣ ልጅን በጌዴኦፋ ማስተማር፣ ከራስ ወገን ዳኛና ሹም ማየት፣ ደራሳ ተብሎ ሲጠራ ለኖረ ሕዝብ ቀላል ነገር አይደለም። የድሮውንም ዘመን የናፈቀ ሰው ሚጪሌን ያስታውስ። እንግዲህ መስመሩ ይኖራል፤ ጥያቄው ክብደቱን እንዴት እናቅልለው የሚለው ነው።

በውጭ አገር የደረሰውን አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በጀርመንና በዴንማርክ መካከል ሽሌስቪግ የሚባል የገጠር አገር አለ፤ ሁለቱም ቋንቋዎች የሚነገሩበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ሕዝቡ በሁለት ቀጠና ተከፍሎ ድምፅ ሰጠ። ሰሜኑ ከመቶ 75 ገደማ ዴንማርክን፣ መካከለኛው ከመቶ 80 ገደማ ጀርመንን መረጠ፤ ወሰኑም በዚያው መሠረት ተሰመረ። ነገር ግን በሰሜን ጀርመናውያን፣ በደቡብ ዴንማርካውያን ቀሩ። በድምፁ ማግስት ሰላም አልሆነም፤ ብዙ ቂምና አንድ የዓለም ጦርነት በመካከሉ አለፈ። ነገሩ የረጋው እ.ኤ.አ. በ1955 ሁለቱ መንግሥታት በየበኩላቸው መግለጫ አውጥተው፣ በወሰናቸው ውስጥ የቀረው አናሳ ሕዝብ በነፃ ራሱን እንዲጠራ፣ የራሱን ትምህርት ቤት እንዲያቆምና በምክር ቤት እንዲወከል ካረጋገጡ በኋላ ነው። መስመሩ የ1920ው እንደሆነ ቀረ፤ የተለወጠው በመስመሩ ማዶ የቀረው ሰው መብት ነው። የአውሮፓን ነገር ሁሉ እንቅዳ ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ድምፅ መስጠት መስመሩን እንጂ ጉርብትናውን እንደማይፈታ፣ የ1987ቱ የእኛም አገር ሙከራ ያሳየውን ያ ምሳሌ ያጸናዋል።

ደግሞም ከሩቅ ሳንሄድ እዚሁ የራሳችን ትምህርት አለን። አንደኛው ከሽማግሌዎቹ ዘንድ ነው። ጌዴኦና ጉጂ ደም ሲቃቡ የሚታረቁበት «ጎንዶሮ» የሚባል ሥርዐት አላቸው። በዚህ ሥርዐት የታረቀ ሰው ያለፈውን ደም ዳግም እንዳይቆጥር በመሐላ ይታሰራል። ሁለተኛው ከቡናው ዘንድ ነው። በ2001 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡናን ማገበያየት ሲጀምር፣ «ይርጋ ጨፌ» በተባለው መደብ ውስጥ ከይርጋ ጨፌ፣ ከወናጎና ከኮቸሬ ጋር ገላና አባያን ደምሮ ነበር። ገላና አባያ ግን በኦሮሚያ ውስጥ ነው። ቡና ቀማሹ ሲኒውን እንጂ ካርታውን አላየምና፣ ጣዕሙ አንድ ሆኖ ባገኘው ጊዜ በአንድ ስም ጠራው። መንግሥታችን በ1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ተከራክሮ ስምምነት ላይ የደረሰበት የይርጋ ጨፌ ስም እንግዲህ የወሰኑ የሁለቱም ወገን ገበሬዎች የደከሙበት ስም ነው። ገበያው ሊያደርገው የቻለውን አስተዳደሩ የማያደርግበት ምክንያት አይታየንም።

ይልቁንም አሁን ነገሩ የበለጠ ይጠብቃል። በ2012 ዓ.ም. ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ሆነ፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ጌዴኦን የጨመረው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተቋቋመ። የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫው ወላይታ ሶዶ ነው፤ ዲላም ከክልሉ ማእከላት አንዷ ሆናለች። ካርታውን ዘርግታችሁ ተመልከቱት። ጌዴኦ ከተቀረው ክልሉ ጋር በመሬት አይገናኝም። የፍስሐ ገነት ሰው ጉዳዩ ሶዶ ድረስ የሚያስኬደው ቢሆን በሌላ ክልል መሬት ሳያልፍ ሊደርስ አይችልም። በዙሪያው ያለው ሁሉ ጎረቤት ክልል የሆነበት ሕዝብ፣ ከጎረቤቱ ጋር ያለው ስምምነት ለእርሱ የትሕትና ጉዳይ ሳይሆን የመንገድና የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ በበኩላችን አራት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ በወሰኑ ግራና ቀኝ ያሉት ወረዳዎች ግጭት ሲነሣ ብቻ ሳይሆን በደህናው ቀን፣ በተወሰነ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ በዚህ አንድ ጊዜ በዚያ እየተቀመጡ የገበያን፣ የውሃንና የመንገድን ነገር የሚመክሩበት የጋራ ሸንጎ ይኑራቸው። ሁለተኛ፣ በማዶ ክልል የሚኖር ገበሬ የመሬት ይዞታው በስሙ ተመዝግቦ ደብተሩ በእጁ ይግባ፤ ቢሰደድ እንኳ ተክሉ የማን እንደ ሆነ ክርክር እንዳይኖር። ሦስተኛ፣ ልጁ በሚኖርበት ክልል ቋንቋ ሲማር የእናቱን ቋንቋ ደግሞ የሚማርበት ክፍል አይከልከል፤ በፍርድ ቤትም አስተርጓሚ አይጣ። አራተኛ፣ በጎንዶሮ የተደረገ እርቅ በቃል ብቻ እንዳይቀር በሁለቱም ቋንቋዎች ይጻፍ፤ ዳኛውም ሹሙም ይወቀው። እርቅ ግን የፍርድን ቦታ አይውሰድ፤ ቤት ያቃጠለ፣ ሰው የገደለ በሕግ ይጠየቅ። ሽማግሌ ልብን ያበርዳል፤ የተዘረፈውን ቡና የሚያስመልሰው ዳኛ ነው።

ለእኛ ለተማሪዎችስ ምን ቀረልን? አንድ ቀላል የማይባል ሥራ አለ። የሁለቱም ወገን ልጆች በአንድ መማሪያ ቤት፣ በአንድ መኝታ ቤት እንገኛለን። የግጭት ወሬ ከገጠሩ ወደ ግቢያችን ሲደርስ፣ ከግቢያችንም አድጎና ተጋንኖ ወደ ገጠር ሲመለስ ብዙ ጊዜ አይተናል። ወሬውን ሳያጣሩ ማስተላለፍ ክብሪት እንደ ማቀበል ነው። በክረምት ዕረፍት ወደ አገራችን ስንመለስ ደግሞ እያንዳንዳችን አንድ አንድ የወሰን ገበያ ይዘን ብናጠና፣ ማን ምን ይዞ እንደሚመጣ፣ ከየት እንደሚመጣ፣ በምን ቋንቋ እንደሚገበያይ ብንመዘግብ፣ የጂኦግራፊና የታሪክ መምህራኖቻችንም ሥራውን ቢመሩልን፣ ለወረዳዎቹ ሹማምንት ከብዙ ስብከት የሚበልጥ አንድ ጠቃሚ ሰነድ እናበረክት ነበር። ሸንጎ የሚቀመጥ ሰው በፊቱ የሚያየው ነገር ያስፈልገዋልና።

ከዚህ በኋላ የጥያቄው ጊዜ የእናንተ ነው። ይልቁንም ከጉጂ ምድር የመጡ ጓደኞቻችን ያጎደልነውን እንዲሞሉልን፣ ያጋደልንበትም ቦታ ካለ እንዲያቀኑልን እንለምናለን። ስለ ወሰን አንድ ወገን ብቻ የተናገረው ንግግር ገና ግማሹ ነውና።